ተበስታለች!

«ይቺ ስንት ናት?»

«አሥራ ሁለት ሺ።»

«ከነልጆቿ?»

ጨዋታችን እንዲህ ተጀመረ። ቦታው አዲስ አበባ፣ ቸርችል ጎዳና፣ አንቲካና የስጦታ ዕቃ ከሚሸጡት ሱቆች በአንዱ ነው። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ባለቤቱ ገና ብዙ ነገር ሊሸጥልኝ ነው። በመስታወቱ ሥር የብር መስቀል፣ የቀንድ ዋንጫ፣ በሳህን የተከመረ የጃንሆይ ሳንቲም አለ። መሃል ላይ፣ ቀይ ጨርቅ ተነጥፎላት፣ እሷ ተንሰራፍታለች፦ ማርትሬዛ፣ ጠገራ ብር፣ ደረተ ሰፊዋ እመቤት።

«የምን ልጆች ነው የምታወራው?»

«ፊቷ ያለባት የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ 16 ወልዳለች። አንዷ ማሪ አንቷኔት ናት፣ ፈረንሳዮች አንገቷን የቀሏት። በዚህ ዋጋ ቢያንስ እሷን መርቅልኝ።»

«እሷን ፈረንሳይ ሂድና ጠይቅ። እኔ ጋ ያለው አንገቱ ያልተቆረጠ ብቻ ነው።»

ይህ ሰው ባላጋራዬ ነው። ከአሶሳ አዲስ አበባ በመጣሁ ቁጥር ሌላው ሰው ዘመድ ሲጠይቅ እኔ እሱን እጠይቃለሁ። ጥርሱን የማያሳይ ነጋዴ ዋጋ ሲጠራ ያናድዳል፤ ይሄኛው ሲጠራ ግን ከሂሳቡ ላይ ለሳቁ ትንሽ ቢጨምር አይቆጨኝም። እሱም ይጨምራል።

«ወንድሜ፣ በዕድሜዋ አትቀልድ። 1780 ይላል፣ እየው። ከ2018 ላይ ቀንስ። 238 ዓመት!»

«1780 በፈረንጅ ነው፣ 2018 በእኛ። በአገሯ አቆጣጠር ብትሄድ 245 ሞልቷታል። እዚህ ሱቅ ውስጥ ቅናሽ ሳይ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው፤ ሰባት ዓመት ቀነስክላት።»

«ሴት ልጅ ዕድሜዋ ሲቀነስላት ዋጋዋ ይጨምራል።»

እዚህ ላይ ለማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ልንገር፣ ባለሱቁ አይስማኝ። ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በዚያው በ1780፣ ኅዳር ላይ ነው። ብሯ ግን አልሞተችም። የእኛ አገርና የዓረቡ ነጋዴ ሌላ ፊት ያለበትን ገንዘብ አልቀበልም ስላለ፣ ቪየና ያንኑ ፊትና ያንኑ ዓመት እየደገመች መምታቱን ቀጠለች። በኋላ ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ቦምቤይ ሳይቀሩ ገቡበት። ሙሶሊኒ ሊወረን ሲሰናዳ፣ በ1935 በፈረንጆች፣ ቅርጿን ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ አስመታት። ስለዚህ «የዐድዋ ዘመን ናት» ተብላ የምትሸጥልህ ብር የማይጨው ዘመን ጉቦ ልትሆን ትችላለች። ሴትዮዋ በሕይወት ሳለች የወለደችው 16 ነው፤ ሞታ የወለደችው በመቶ ሚሊዮኖች ይቆጠራል። ሁሉም 1780 ተወለድን ይላሉ። ቀበሌ እንኳ እንዲህ ያለ የልደት ካርድ አይሰጥም።

«ታዲያ ይቺ የያዝካት በ1780 ነው የተወለደችው ወይስ አያትህ ከተዳሩ በኋላ? በምን ታውቃለህ?»

«በመልኳ።»

«መልኳማ አይለወጥም፤ ጣጣው እሱ አይደል እንዴ! የሚያውቁ ሰዎች ገልብጠው የንስሩን የጅራት ላባ አደራደር ነው የሚያዩት።»

«አንተ ላባ ትቆጥራለህ?»

«እቆጥራለሁ።»

«እኔ ብር እቆጥራለሁ። ሁላችንም ሥራ አለን።»

አንድ ለዜሮ። ሻይ አዘዘልኝ። ነጋዴ ሻይ ሲያዝልህ ዋጋው ውስጥ ገብቷል ማለት ነው፤ ግን ጠጣሁ።

«ደግሞ ዶላሩን አትርሳ» አለኝ ስኳሩን እያማሰለ። «ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ የት እንደደረሰ ታውቃለህ።»

ይህችን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ከአሶሳ ጀምሬ አዘጋጅቼባት ነበር። «ጌታው፣ ‹ዶላር› የሚለው ስም ራሱ ‹ታለር› ከሚለው የወጣ ነው። ታለር ማለት ይቺው ናት። እናት ዋጋዋን ከልጇ ጠይቃ ነው እንዴ የምታስተካክለው?»

ሻዩን አስቀመጠ። አየኝ። «ዘንድሮ እናቶች የሚኖሩት ልጅ ከውጭ በሚልክላቸው አይደል?»

670 ኪሎ ሜትር ገደማ ይዤው የመጣሁት ተረብ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ተበላ። ሽንፈትን መቀበል ስለማልወድ ብሯን አንሥቼ በጎኗ አቆምኳት። «ጠርዟ ላይ የተጻፈውን አንብበህ ታውቃለህ? በላቲን ነው። ‹በፍትሕና በምሕረት› ይላል። ይህን የተጻፈባትን ብር፣ ያለ ፍትሕም ያለ ምሕረትም አሥራ ሁለት ሺ ትላለህ?»

«እሱ ጠርዙ ላይ ነው። እኔ የምሸጠው መሃሏን ነው።»

በቃ አልኩ፤ ሌላ በር ልሞክር። ኪሴ ገብቼ መሐረብ ፈታሁ። ውስጡ የእኔ ማርትሬዛ አለች፤ አሶሳ ከአንድ አንጥረኛ የገዛኋት፣ ከዘውዷ በላይ ቀዳዳ ያላት፣ አንድ ዘመን የአንዲት ሴት አንገት ላይ የዋለች። ይቺን ሰጥቼ ትንሽ ጨምሬ የሱን ልወስድ ነው ሐሳቤ።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ይህ ሰው የታሪክ ምሁር ነበር። ብሯ ከእኔ መዳፍ ወደ እሱ መዳፍ ስትሻገር ምሁርነቱን ከጠረጴዛው ሥር ከተተና ሚዛን አወጣ። ፊቷን አላየም። ዓመቷን አላነበበም። በአውራ ጣቱ ቀዳዳዋን ዳበሰ።

«ተበስታለች።»

«አውቃለሁ።»

«ሦስት ሺ።»

«አሁን ታሪክ ነበረች፤ እኔ ኪስ ስትገባ ብረት ሆነች?»

«አንተ ኪስ ውስጥ ያለው የአውቶቡስ ቲኬት ነው እንጂ ታሪክ አይደለም።»

ቀና ስል ከጀርባው ግድግዳ ላይ አምስት የተበሱ ጠገራዎች በጥቁር ክር ተሰክተው ተሰቅለዋል፤ ሥራቸው በካርቶን «የባህል ጌጥ» ተብሎ ተጽፏል። ዋጋው ከሥር አለ፤ አልጽፈውም፣ ጋዜጣው ላይ ቦታ ይፈጃል።

«እነዚያስ? ጥይት መቷቸው ነው?»

«እነዚያ ተበስተው አይደለም። ተሠርተው ነው።»

የጥንት ገንዘብ መሸጫ ሱቅን በአንዲት ቃል ግለጽ ብትሉኝ ይህቺን ነው የምሰጣችሁ። የእኔ ስትሆን ተበስታለች፤ የሱ ስትሆን ተሠርታለች። የእኔ ስትሆን አርጅታለች፤ የሱ ስትሆን ጥንታዊት ናት። የእኔ ስትሆን ጠቁራለች፤ የሱ ስትሆን መልክ አውጥታለች። ማርትሬዛ ጀርባዋ ላይ ያለው ንስር ሁለት ራስ አለው፤ አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ ይመለከታል። ፈረንጆች የንጉሠ ነገሥት ምልክት ነው ይላሉ። እኔ አንዱ ራስ ሲገዛ የሚናገር፣ ሌላው ሲሸጥ የሚናገር ይመስለኛል።

ሰብሳቢ የሆነ ሁሉ ግን አንድ መከላከያ አለው፤ ሂሳብ። ማርትሬዛ 28 ግራም ከጥቂት ትመዝናለች። ከአንድ ሺው 833 እጁ ብር ነው፤ ቀሪው መዳብ። ንጹሕ ብሯ 23.4 ግራም ገደማ ይሆናል። በዕለቱ የብር ዋጋ አባዛው፤ የሚወጣው ወለሉ ነው። ሳንቲም ባታውቅ፣ ታሪክ ባታውቅ፣ ሴትዮዋ ማን እንደሆነች ባታውቅ እንኳ ከወለሉ በታች አትሸጥም፤ ብትቀልጥም ያንን ታወጣለችና። ከወለሉ በላይ ያለው ደግሞ ሁለት ነገር ነው፦ ብርቅነትና ምላስ። ማርትሬዛ ብርቅ አይደለችም። እንግዲህ በወለሉና በአሥራ ሁለት ሺው መካከል ያለው ምን እንደሆነ ራሳችሁ ድረሱበት።

ይህን ሁሉ ስነግረው አልተቆጣም። «ወለል ላይ የሚተኛ ድሃ ነው» ብሎ ወደ ሌላ ሳህን አዞረኝ።

ሳህኑ ላይ የምኒልክ ብር ነበር። አበራ! እንደ ሆቴል ማንኪያ አበራ።

«ምን አድርገኸው ነው?»

«አጠብኩት። በሎሚና በአሸዋ።»

ልቤ ወረደ። ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. ፓሪስ ማስመታት የጀመሩት ብር፣ ክብደቱም የብሩ መጠንም ከማርትሬዛ ጋር እንዲተካከል ተደርጎ የተሠራ፣ ሴትዮዋን ከገበያ ያስወጣል ተብሎ የታሰበ። አላስወጣም። የገጠሩ ሰው ሴትዮዋን ለምዷል፤ አንበሳ ያለበትን ብር አልቀበልም አለ፣ ከተቀበለም ዋጋ ቀንሶ ነው። ምፀቱን እዩት፤ ያኔ ቀንሰው ይቀበሉት የነበረውን ዛሬ ከሴትዮዋ አስበልጠን ለመግዛት እንሻማለን። ሰብሳቢ አንበሳው ግራ እግሩን አንሥቷል ወይስ ቀኙን ብሎ ያያል፤ ዓመቱ ፲፰፻፹፯ ነው ወይስ ፲፰፻፹፱ ብሎ ያያል። ከሁሉ በላይ ግን ቆዳውን ያያል። ብር በዘመኑ ብዛት የሚለብሰው ጥቁር ግራጫ ልብስ አለ፤ እሱ ከተገፈፈ ዋጋው አብሮ ተገፈፈ።

«አላጠብከውም፣ ገፈፍከው።»

«ልብስህን አታጥብም?»

«አጥባለሁ። በአሸዋ ግን አልፈትግም።»

«ፈረንጅ የሚያብረቀርቅ ይወዳል።»

«ፈረንጁስ በቦሌ በኩል እንዴት ያወጣዋል? አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም ይላል።»

«እኔ ከሱቅ ነው የማወጣው። ከአገር የሚያወጣው እሱ ነው።»

ለመሄድ ስነሣ የጃንሆይን ሳንቲሞች ሳህን በጣቴ አመስኩት። «ተወው፣ እሱ ብርቅ ነው፣ 1936 ነው» አለኝ። የ1936 ሳንቲም ብርቅ! ዓመቱን ሳይቀይሩ ለብዙ ዓመታት መትተውታል፤ ከማርትሬዛ የተማሩት ይመስላል። አባቶቻችን በዚህ ከረሜላ ገዝተውበታል፣ እናቶቻችን ጆንያ ሙሉ አስቀምጠዋል። ግን አልተከራከርኩም፤ ምክንያቱም ከሥሩ አንዲት ስሙኒ አየሁ። ክብ ስሙኒ። ጠርዟ እንደ አበባ ያልተከረከመ፣ ለስላሳ ክብ። በፊደሎቿ ሥርቻ ውስጥ ደግሞ ነጭ ነገር ቀርቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1936ቱ ገንዘብ ሽልንጉ፣ ማለትም ሃምሳ ሳንቲሙ፣ ብር ነበር፤ ስሙኒው ግን መዳብ። ሁለቱ በመጠን ይቀራረባሉ። አንዳንድ ብልጥ ስሙኒውን ብር ቀባና በሽልንግ ሂሳብ ማስተላለፍ ጀመረ። አንዲት ሌሊት ብር ተቀብታ ያደረች ስሙኒ ጠዋት ሽልንግ ሆና ትነሣለች። መንግሥት ባንኖ ክቧን ሰብስቦ ጠርዟ የተከረከመውን አወጣ፤ ዓይን የሌለው እንኳ በጣቱ እንዲለያት። እኔ እጅ ላይ ያለችው ያች የተቀባችው ናት። የዛገች ውሸት ናት፤ ለሰብሳቢ ግን ከእውነተኛዋ ትጣፍጣለች።

«ይቺስ?» አልኩ፣ በተቻለኝ መጠን እየተዛጋሁ።

«እሷ ቆሽሻለች። ውሰዳት፣ ሻዩ ላይ ምርቃት።»

አንድ ለአንድ። ይቺን ዓምድ እስኪያነብ ድረስ።

በሩ ላይ ስደርስ ጠራኝ። «የአሶሳው! በሚቀጥለው ስትመጣ ብር ሳይሆን ወርቅ አምጣ።»

«ወርቁንማ በድሮው የአሶሳ ገዥ በሼህ ሆጀሌ ጊዜ አምጥተን ጨርሰናል። እስከ ዛሬ ሰፈር ይዞበታል፤ ሾጎሌ ታክሲ ስትይዝ ረዳቱን ‹ሼህ ሆጀሌ ወራጅ› በለው።»

መልስ አልነበረውም። ወይም የታክሲው ድምፅ ዋጠው፤ ለእኔ ያው ነው።

አሶሳ የሳንቲም ሱቅ የላትም። ያላት ማንጎ ነው፤ ማንጎ ደግሞ ሐቀኛ ነው፣ ሲያረጅ ዋጋው ይወርዳል። ሌላው ያላት ወርቅ ነው። መንጌና ሸርቆሌ በኩል ሴቶች ወንዝ ዳር ጎንበስ ብለው በገበታ አሸዋ ያጥባሉ፤ ማታ የሚይዙት ከጥፍር ጫፍ የማይበልጥ ሊሆን ይችላል። ግን የዚያችን ጥፍር ዋጋ ሁሉም ያውቃል። ስልክ ይከፈታል፣ የዓለም ዋጋ ይታያል፣ ሚዛን ይቀመጣል። ይቀንሳሉ ይጨምራሉ፣ ቢሆንም ክርክሩ በሳንቲሞች ነው። የወርቅ ነጋዴ «ይቺ ወርቅ ተበስታለች» ሲል ሰምቼ አላውቅም።

ሁለቱ ዓለሞች የሚገናኙባት አንዲት ቦታ አለች፤ ወቄት። ጥንት ወርቅ በወቄት ሲመዘን፣ ወቄት ማለት የአንዲት ማርትሬዛ ክብደት ነበር። ሴትዮዋ ገንዘብም ነበረች፣ ሚዛንም ነበረች። በአንድ በኩል የወርቁ ዱቄት፣ በሌላ በኩል የእሷ ደረት። በሐምሌ 1937 አዲሱ ብር ወጥቶ ከመገበያያነት ስትሰናበት እንኳ ከአንዳንድ ቤት ሣጥን አልወጣችም። እኔ የምፈልጋት እንዲህ ያለችዋን ነው፦ ሚዛን ላይ ስትወጣ ስትወርድ ጠርዟ የለሰለሰ፣ «በፍትሕና በምሕረት» የሚለው ተፍቆ ፍትሑ ብቻ ወይም ምሕረቱ ብቻ የቀረ።

ባለፈው ወር ሆሞሻ መንገድ ላይ ያሉ አንዲት እናት እንዲህ ያለች አለቻቸው ተባልኩ። ሄድኩ። ግቢው ውስጥ የማንጎ ዛፍ፣ ከሥሩ ሰሌን፣ ጀበና ተጥዷል። «አሰላሙ አለይኩም» አልኩ፣ ተቀበሉኝ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማሽላው፣ ስለ ልጆቹ ጤና ተጠያየቅን፤ እዚህ አገር በቀጥታ ወደ ዋጋ የሚገባ ሰው ወይ ፖሊስ ነው ወይ እብድ። በመጨረሻ ከመቀነታቸው ጫፍ ፈትተው መዳፌ ላይ አኖሯት።

አማረችኝ። ጠርዟ ልክ እንደ ተመኘሁት፣ ጣት እንደ በላው የመጽሐፍ ገጽ ለስልሷል። ደረቷ ላይ ያለው ጌጥ ዕንቁዎቹ ተፈግፍገው አንድ ሆነዋል። ልቤ ዘለለች። ፊቴ ግን አልዘለለም፤ አውራ ጣቴ ሄዶ ከዘውዷ በላይ ዳበሰ።

«ቆንጆ ናት እናቴ፤ ግን ተበስታለች።»

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። ድምፁ የእኔ አልነበረም፤ የቸርችል ጎዳናው ነበር። ሻይ ማዘዝ ብቻ ነው የቀረኝ።

ሴትዮዋ ጆሮአቸውን ነካ አደረጉ፤ ቀለበቷ ተወዛወዘች። «ልጄ፣ እኔም ተበስቻለሁ። ባለቤቴ ሊያገባኝ ሲመጣ አባቴ ለቀዳዳው ብለው ጥሎሽ አልቀነሱም።»

ልጆቹ ከዛፉ ኋላ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ።

«ደግሞ ያልተበሳች ከፈለግህ አለች» አሉ፣ ገቡ፣ ሁለተኛ ይዘው ወጡ። ይቺ ሙሉ ናት፣ ምንም ያልተነካች። ሁለቱን ጎን ለጎን ሰሌኑ ላይ አስቀመጧቸው።

«ሁለቱም የአባትዎ ናቸው?»

«የአባቴ ሚዛን ናቸው። ወርቅ ይነግዱ ነበር፣ ነፍሳቸውን ይማር።»

«ሁለት ለምን አስፈለጋቸው? ወቄት አንድ አይደል?»

ቡናውን ቀዱ። ቀስ ብለው ነው የቀዱት፣ አንድ ጠብታ ሳያፈሱ።

«በሙሉዋ ይገዛሉ፤ በተበሳችው ይሸጣሉ። ቀዳዳዋ ትንሽ ናት ልጄ፣ ግን ዕድሜ ልክ ይመዝኑባታል።» ስኒውን አቀበሉኝ። «አንተ የመጣኸው ልትገዛ ነው፣ ልትሸጥ? የቷን እንደምሰጥህ እንዳውቅ ነው።»